የእናት ወተት በገበያ ሚዛን አይመዘንም

ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የገዛ እናቱን ወተት ባጣ ጊዜ፣ ከሌላ እናት የተለገሰ ወተት ሕይወቱን ሊታደገው ይችላል። አንጀትን ከሚያጠቃው አደገኛ ሕመም ከዱቄት ወተት የተሻለ ይከላከልለታልና። ይህን ልግስና ሰብስበው የሚያድሉት የእናት ወተት ባንኮች፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1909 በቪየና ከተከፈተ ወዲህ፣ በብዙ አገሮች ተስፋፍተዋል። ደኅንነታቸው በምን ሕግ ይጠበቅ የሚለው ግን ዛሬም አከራካሪ ነው።

በሙያው ረገድ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ለጋሿ ከኤችአይቪ፣ ከቂጥኝና ከጉበት ቫይረስ ነፃ መሆኗ ይመረመራል። ወተቱ በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፤ ፈጥኖም እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ከዚያም በኋላ ባክቴሪያ የተገኘበት ይደፋል። አንድ መንግሥት ይህን በወረቀት አስፍሮ ሥራዬን ፈጽሜአለሁ ቢል ግን ተሳስቷል። ሙቀት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ስግብግብነትን አይገድልም።

እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የተገዙ 102 የእናት ወተት ናሙናዎችን መርምሮ ነበር። በ10ሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ አሥረኛ ያህል የላም ወተት ተቀላቅሎ ተገኘ። በ2017 ደግሞ የካምቦዲያ መንግሥት ከድሆች እናቶች እየተገዛ ወደ አሜሪካ ይላክ የነበረውን ወተት አገደ። ዋጋ በተቆረጠለት ወተት ተቀባዩ ሕፃን በቅልቅል፣ የሻጯም ልጅ በረኃብ ይጎዳል። ስለዚህ ሽያጭን መከልከል የስሜት ጉዳይ ሳይሆን ራሱ የደኅንነት መስፈርት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ደንብ የእናት ወተትን ከደምና ከሌሎች የሰው አካል ልግሶች ጎራ መመደቡም ተገቢ ነው።

«ሽያጭ ከተከለከለ ወተቱ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። የብራዚል ታሪክ ይመልስላቸዋል። በዚያ አገር ከ200 በላይ ባንኮች በመንግሥት የጤና ሥርዓት ታቅፈው፣ ያለ ክፍያ የተለገሰውን ለታመሙ ሕፃናት ያለ ክፍያ ያድላሉ። እገዳ ብቻውን ግን ወላጆችን ወደ ድብቅ ገበያ ይገፋቸዋል፤ በጀት ሊከተለው ይገባል።

እንግዲህ የሚረቀቅ ሕግ ሁሉ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ለጋሿ አስቀድማ የራሷን ልጅ ታጥግብ፤ የምትሰጠው ትርፉን ይሁን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ጠርሙስ ከየትኛዋ እናት ለየትኛው ሕፃን እንደ ደረሰ ይመዝገብ፤ ይህም የጡት ዝምድና ጋብቻን ለሚከለክልባቸው ሙስሊም ቤተሰቦች ዋስትና ነው። ሦስተኛ፣ ወጪውን የሕዝብ ካዝና ይሸከም። ይህ የጎደለው መስፈርት ቴርሞሜትሩን እንጂ ሕፃኑን አይጠብቅም።