ከመርፌው በፊት ደሙ ይመርመር

በሀዲያና በከምባታ ላም የወተትና የቅቤ ምንጭ ብቻ አይደለችም፤ እንሰቱም የሚፋፋው ከጋጣ በሚወጣው ፍግ ነው። በመሆኑም አንዲት ላም ስትሞት ጉዳቱ እስከ ጓሮው ይዘልቃል። ይህን ሀብት ከሚጎዱ በሽታዎች አንዱ በመዥገር የሚተላለፈው አናፕላዝሞሲስ ነው።

የበሽታው መንስኤ አናፕላዝማ ማርጂናሌ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን የሚራባው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው። የታመመች ላም ያተኩሳታል፣ ድዷና የዓይኗ ሽፋን ይገረጣል ወይም ቢጫ ይሆናል፣ መኖ ትጠላለች፣ ወተቷም ይቀንሳል። ጥጆች አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ያልፉታል። ከሁለት ዓመት በላይ የሆኑ ከብቶች ግን በወቅቱ ካልታከሙ ሊሞቱ ይችላሉ።

ችግሩ ትኩሳትና ደም ማነስ የገንዲ በሽታም ምልክቶች መሆናቸው ነው። ወደ ጊቤና ኦሞ ሸለቆ በሚያዘቀዝቁት የሀዲያ ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ገንዲ እንግዳ አይደለም። ሁለቱ በሽታዎች ለዓይን ቢመሳሰሉም መድኃኒታቸው ይለያያል። ለገንዲ የሚሰጠው ዲሚናዚን አናፕላዝማን አያጠፋም፤ ለአናፕላዝማ የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊንም ገንዲን አያድንም። በግምት በሚሰጥ መርፌ አርሶ አደሩ ገንዘቡንም ላሙንም ሊያጣ ይችላል። ያለቦታው የሚሰጥ መድኃኒት ተህዋስያን እንዲላመዱትም ያደርጋል።

ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው ምርመራ ውስብስብ አይደለም። ባለሙያው ከጆሮ ደም ሥር ጠብታ ደም ወስዶ በስላይድ ላይ በስሱ ይዘረጋል፤ ካደረቀው በኋላ በሜታኖል አጽንቶ ጊምሳ በተባለ ቀለም ይነክረዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ አናፕላዝማ በቀይ የደም ሴሉ ጠርዝ ላይ እንደ ነጥብ ሆኖ ይገኛል። የገንዲ ተህዋስ ግን ከሴሎቹ ውጭ ነው። ውጤቱ በዕለቱ ሊታወቅ ይችላል። ያገገሙና ተህዋሱን በጥቂቱ የተሸከሙ ከብቶችን ለመለየት ግን በትልልቅ ላቦራቶሪዎች የሚካሄድ ምርመራ ያስፈልጋል።

የቀድሞው ደቡብ ክልል በወላይታ ሶዶ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይገለገል ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ሶዶ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ሀዲያና ከምባታ ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ናቸው። የአስተዳደር ወሰን መለየቱ ናሙና ከመላክ ሊያግድ አይገባም።

የየዞኑ የእንስሳት ሀብት ዘርፍ ኃላፊዎች በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ የሚገኙ የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች የሚሠራ ማይክሮስኮፕ፣ ስላይድ፣ ቀለምና የሠለጠነ ባለሙያ መኖራቸውን ሊያረጋግጡ ይገባል። በአንድ መርፌ ብዙ ከብት መውጋትም በሽታውን ስለሚያዛምት በክትባት ወቅት ጭምር መቅረት አለበት።

አርሶ አደሩም ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ ከማስወጋቱ በፊት ከብቱን ወደ ክሊኒክ ይውሰድ፤ መዥገሩንም በየጊዜው ይቆጣጠር። ከመርፌው በፊት “ደሟ ታይቷል ወይ?” ብሎ መጠየቅም መብቱ ነው።