መነሻ ዋጋ፦ የማይታየው ተጫራች

በጋዜጦቻችን ላይ በሚወጡ የሐራጅ ማስታወቂያዎች ውስጥ «የጨረታ መነሻ ዋጋ» የሚል ቁጥር ዘወትር እናነባለን። አብዛኞቻችንም የሻጩ ምኞት ወይም የሥርዓት ማሟያ አድርገን እናልፈዋለን። በእኛ እምነት ግን ከዚህ ቁጥር ጀርባ እያንዳንዱ የሳይንስ ተማሪ ሊመረምረው የሚገባ የፕሮባብሊቲ ጥያቄ አለ። ጥያቄው በተግባር ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ ደግሞ ብዙዎች እንደ ልጆች ጨዋታ ብቻ የሚያዩት ገበያ ነው፤ ይኸውም ሰብሳቢዎች በኢንተርኔት የሚጫረቱባቸው የመጫወቻ ካርዶች ገበያ።

ከእነዚህ ካርዶች መካከል ስመ ጥሩ የሆነው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው ነው። የሒሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈው ሲሆን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አንዳንዱ ካርድ በብዛት፣ ሌላው በጥቂቱ ስለሚታተም፣ ብርቅ የሆነው ከታተመበት ወረቀት ጋር በማይነጻጸር ዋጋ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተውን ኢቤይን የመሳሰሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ሲስፋፉም፣ አንድ ካርድ ያለው ወጣት ሁሉ አጫራች ለመሆን በቃ። አጫራቹ በቅድሚያ ሊመልሳቸው ከሚገቡ ጥያቄዎች አንዱም «ከስንት ይጀመር?» የሚለው ነው።

እንዲህ ባሉ ጨረታዎች አሸናፊው የሚከፍለው በልቡ የያዘውን ከፍተኛ ዋጋ ሳይሆን፣ ሁለተኛው ተጫራች ካቆመበት በጥቂቱ ከፍ ያለውን ነው። የዚህን ዓይነት ጨረታ ጠባይ ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ ተንትኖታል። እንግዲህ ዋጋውን የሚቆርጠው አሸናፊው ሳይሆን የመጨረሻው ተሸናፊ ነው። ሁለተኛ ተጫራች ካልመጣስ? ያን ጊዜ መነሻ ዋጋው ራሱ የእርሱን ቦታ ይይዛል። መነሻ ዋጋ የማይታይ ተጫራች ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። ሁለት ተጫራቾች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው ለካርዱ የሚሰጡት ግምት ከ0 እስከ 100 ዶላር ባለው ክልል በእኩል ዕድል የሚወድቅና አንዱ ከሌላው ነጻ የሆነ ይሁን። መነሻው 0 ከሆነ የሻጩ አማካይ ገቢ 33 ዶላር ያህል ነው። መነሻው 50 ዶላር ሲሆን በአማካይ ከ4 ጨረታዎች በአንዱ ካርዱ ሳይሸጥ ይቀራል፤ ሆኖም አማካይ ገቢው ወደ 42 ዶላር ገደማ ያድጋል። ይህን ብቻ ያየ ሰው «መነሻውን ማስወደድ ያዋጣል» ሊል ይችላል። ነገር ግን መነሻውን 0 አድርገን አንድ ሦስተኛ ተጫራች ብንጨምር አማካይ ገቢው 50 ዶላር ይደርሳል። አንድ ተጨማሪ እውነተኛ ተጫራች ከማይታየው ተጫራች በለጠ ማለት ነው። ጄረሚ ቡሎው እና ፖል ክሌምፐረር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ይህ ውጤት ከእንዲህ ያለው ቀላል ምሳሌ አልፎ ሰፋ ባሉ ሁኔታዎችም እንደሚሠራ አሳይተዋል። ተጫራቾቹ 10 ከሆኑማ የ50 ዶላር መነሻ ለውጥ የሚያመጣው ከ100 ጨረታዎች በአንዱ ገደማ ብቻ ነው።

እውነተኞቹ ሰዎችስ እንደ ቀመሩ ይሆናሉን? ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ራይሊ የማጂክ ካርዶችን ራሱ በኢንተርኔት እየሸጠ፣ አንዳንዱን በዝቅተኛ የዋጋ ገደብ፣ ሌላውን ያለ ገደብ አጫርቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ውጤቱ እንደሚያስረዳው፣ ገደቡ የተጫራቾችን ቁጥር ይቀንሳል፤ ሳይሸጡ የሚቀሩትን ካርዶች ያበዛል፤ የተሸጡት ግን የተሻለ ዋጋ ያወጣሉ። በዚያው ዓመት ጊሊያን ኩ እና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ዝቅተኛ መነሻ ብዙ ሰው ስለሚጋብዝ የመጨረሻውን ዋጋ ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል ታይቷል። ይህ የሚሆነው ግን መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። የዕቃው ስም በስሕተት ተጽፎ ፈላጊው ካላገኘው፣ ዝቅተኛው መነሻ ጥቅሙን ያጣል።

ከዚህ በመነሣት አቋማችንን እንገልጻለን። መነሻ ዋጋ ካርዱ በተገዛበት ገንዘብ ወይም ባለቤቱ ለካርዱ ባለው ፍቅር ሊወሰን አይገባም። የወጣው ገንዘብ ወጥቷል፤ ተጫራቹም የሻጩን ትዝታ አይገዛም። ሻጩ ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ካርዱ ሳይሸጥ በእጄ ቢቀር ለእኔ ስንት ያወጣል? የገበያው ክፍያና የመላኪያው ወጪ በዚህ ላይ ሲደመሩ፣ ከዚያ በታች የሚገኝ ዋጋ ሁሉ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ ስንት ፈላጊ ይመጣል? ፈላጊው ብዙ ለሆነ ታዋቂ ካርድ ዝቅ ብሎ መጀመር ብልህነት ነው፤ ፉክክሩ ራሱ ዋጋውን ያነሣዋልና። ጥቂቶች ብቻ ለሚያውቁት ካርድ ግን በ1 ዶላር መጀመር፣ አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ በ1 ዶላር ለመሸጥ መስማማት ነው። ገንዘቡን ለትምህርቱ ለሚፈልግ ወጣት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ነገሩ በካርድ ብቻ የሚያበቃም አይደለም። ተሽከርካሪ፣ ቤት ወይም የሕዝብ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ ተጫራቾች ተመሳጥረው ዋጋ እንዳይጨምሩ ሊስማሙ ይችላሉ። የማይታየው ተጫራች ግን ከማንም ጋር አይመሳጠርም። በአግባቡ የተሰላ መነሻ ዋጋ የሕዝብ ሀብት ጠባቂ ነው፤ ያለ ስሌት የተሰቀለው ደግሞ ገዢን አባርሮ ንብረቱን ለዝገት ይዳርጋል። ስለሆነም ተማሪዎቻችን ይህን ቁጥር በሚቀጥለው ማስታወቂያ ላይ ሲያዩት እንዳያልፉት እንመክራለን። ቁጥሩ በምን ተሰላ? ስንት ተጫራች ታሰበ? ባይሸጥስ ምን ይጠፋል? ብለው ይጠይቁ። እርሳስና ወረቀት ይበቃል።