ደንና ተራራ የማን ነው?

በአሜሪካ አገር ለረጅም ዘመን ሲነገር የኖረ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም ጥቁር ሕዝብ የከተማ ሰው ነው፤ ተራራ መውጣት፣ በደን ውስጥ መጓዝ፣ በሐይቅ ዳር ድንኳን ተክሎ ማደር የነጮች ልማድ እንጂ የእርሱ ጠባይ አይደለም የሚል ነው። የአስተያየቱ ደጋፊዎች በማስረጃነት የሚያቀርቡት፣ ብሔራዊ ፓርኮችን የሚጎበኙት ጥቁሮች ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት መሆናቸውን ነው። በእርግጥም ጥቂቶች ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ ከአንድ ስፍራ መራቁ ብቻውን ያን ስፍራ አለመውደዱን አያረጋግጥም። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በፈቃዱ ራቀ ወይስ ተባረረ የሚለው ነው። ለዚህም መልስ የሚሰጠው ታሪክ ነው።

ከአፍሪካ በግፍ ተወስደው በባርነት የተሸጡት ሰዎችና ልጆቻቸው ኑሮአቸው ከመሬት ጋር የተቆራኘ ነበር። ደኑን የመነጠሩት፣ ጥጡን የለቀሙት፣ ሩዙን ያጨዱት እነርሱ ነበሩ። መሬቱ የጌታው ቢሆንም የመሬቱን ጠባይ ጠንቅቆ የሚያውቀው ባሪያው ነበር። ለዚህ ሐሪየት ተብማን ጥሩ ምሳሌ ናት። ይህች ሴት በሜሪላንድ ግዛት በባርነት ተወለደች። ገና በሕፃንነቷ በቀዝቃዛ ረግረግ ውስጥ እየገባች የአውሬ ወጥመድ እንድትቃኝ ትገደድ ነበር፤ ካደገች በኋላም ከአባቷ ጋር በደን ውስጥ የእንጨት ሥራ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1849 አምልጣ ነፃ ከወጣች በኋላ 13 ጊዜ ያህል ወደ ሜሪላንድ ተመልሳ 70 የሚያህሉ ሰዎችን ከባርነት አወጣች። ማንበብና መጻፍ አታውቅም ነበር። ሌሊት የሰሜንን ኮከብ እየተመለከተች ትጓዛለች፤ ቀን በጫካና በረግረግ ተደብቃ ትውላለች። እንግዲህ ሌሎች የሚፈሩት ጨለማና ደን ለእርሷና ለተከታዮቿ የነፃነት መንገድ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ሻምበል ቻርልስ ያንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 በኬንተኪ ግዛት ከባሪያ ወላጆች ተወልዶ፣ በ1889 ከዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ተመረቀ። ከዚያ አካዳሚ ለመመረቅ ሦስተኛው ጥቁር ነበር። በዚያን ጊዜ ብሔራዊ ፓርኮችን የሚያስተዳድር የተለየ መሥሪያ ቤት ገና ስላልተቋቋመ፣ ጥበቃው ለጦር ሠራዊቱ የተሰጠ ተግባር ነበር። ያንግም በ1903 በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የሴኮያ ብሔራዊ ፓርክ በተጠባባቂነት እንዲያስተዳድር ታዘዘ። ብሔራዊ ፓርክን በማስተዳደር የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ እርሱ ነው። በዚህ ፓርክ ውስጥ ቁመቱ 84 ሜትር የሚደርስ፣ በግንዱ ግዙፍነት በዓለም አቻ ያልተገኘለት ዛፍ ይገኛል። ሆኖም ወደ ዛፎቹ የሚያደርሰው የጋሪ መንገድ ለዓመታት ሲጓተት ቆይቶ ነበር። ያንግና ጥቁር ፈረሰኛ ወታደሮቹ በአንድ በጋ ሠርተው መንገዱን እስከ ግዙፎቹ ዛፎች ደን አደረሱት።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ ከደንና ከውሃ የራቀው በጠባዩ አልነበረም። በመጀመሪያ ያራቀው ፍርሃት ነው። ከባርነት መሻር በኋላ በደቡቡ ክፍል ብዙ ጥቁሮች ያለ ፍርድ በዛፍ ላይ ተሰቅለዋል፤ ስለዚህም ቀድሞ መሸሸጊያ የነበረው ጫካ የሞት ስፍራ ሆነ። ፍርሃቱ ግን የደቡብ ብቻ አልነበረም። በሰሜን በምትገኘው በቺካጎ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ዩጂን ዊልያምስ የተባለ የ17 ዓመት ጥቁር ወጣት በሚሺጋን ሐይቅ ላይ ሲዝናና፣ በሕግ ሳይሆን በልማድ የነጮች ነው ወደሚባለው ውሃ ተሻገረ። ከዳር ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር ነጭ ስለነበረ ወጣቱ ሰምጦ ሞተ። በዚህ ምክንያት በተነሣው ሁከት 38 ሰዎች አለቁ። መንግሥት የሚያስተዳድራቸው ፓርኮችም ከአድልዎ የጸዱ አልነበሩም። በቨርጂኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1935 በተቋቋመው በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ለጥቁሮች የተለየ የማረፊያ ስፍራ ተከልሎላቸው ነበር።

አንዳንዶች፣ አድልዎው እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የዜጎች መብት ሕግ ስለተሻረ ዛሬ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የማይገባ ቢኖር በገዛ ፈቃዱ ነው ይላሉ። ይህ ክርክር ለጊዜው እውነት ቢመስልም ሲመረመር ጎደሎ ሆኖ ይገኛል። ሕግ በር ይከፍታል፤ የተቋረጠን ልማድ ግን ወዲያውኑ አይቀጥልም። ወደ ውሃ እንዳይቀርብ የተከለከለ አባት ለልጁ ዋና ሊያስተምር አይችልም። ጫካን ስትፈራ የኖረች እናት ልጇን ወደ ጫካ አትልክም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደሚባለው፣ ከልካዩ የረሳውን ክልከላ የተከለከለው ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል።

ስለሆነም በሩን መክፈት ብቻ በቂ አይደለም፤ ታሪኩም አብሮ መከፈት አለበት። ሴኮያ ሲነሣ መንገዱን የሠሩት ወታደሮች አብረው ሊነሡ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ ግዙፍ ዛፍ በያንግ ስም እንዲሰየም በታሰበ ጊዜ፣ እርሱ የጥቁሮች መምህር በነበረው በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስም እንዲጠራ አደረገ። በራሱ በያንግ ስም አንድ ዛፍ የተሰየመው ግን ከ101 ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ስንት ጥቁር ወጣቶች ደኑ የእነርሱ እንዳልሆነ አምነው አድገዋል! ያልተነገረ ታሪክ እንደ ተዘጋ በር ነው። የአያቶቹን ሥራ የተማረ ወጣት ግን ወደ ደኑ የሚገባው እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ወራሽ ነው። ወራሽ የሆነ ሰውም ሀብቱን ይጠብቃል፤ ደንም የሚጠበቀው የእኔ ነው የሚሉት ሰዎች ሲበዙ ነው።