ለአንዲት እንቁራሪት ማዘን ሥራ መፍታት አይደለም



ሰሞኑን በመካከላችን አንድ ጉዳይ ሲያከራክር ሰንብቷል። ክረምቱ እንደገባ ሁለት ወንድሞች ከዶርም ጀርባ ባለው ቦይ ዳር የታመመች እንቁራሪት አግኝተው በሳፋ ውስጥ እርጥብ ቅጠል አንጥፈው ለአራት ቀን አስታመሟት። በአራተኛው ቀን ሞተች። ከዚያ ወዲህ ገሚሱ ይስቃል፤ ሰው በተቸገረበት ጊዜ እንቁራሪት ማስታመም የሥራ ፈት ነው ይላል። ገሚሱ ደግሞ ራህመት ነፍስ ላለው ሁሉ ነው ብሎ ይሟገታል። እኛ ከሁለተኞቹ ጋር ነን። ነገር ግን ማዘን ብቻውን አይበቃም፤ ዕውቀት የጎደለው እዝነት የታዘነለትን ሊጎዳ፣ አልፎም በሽታን ሊያዛምት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም፣ እዝነቱንም ዕውቀቱንም፣ አንድ ላይ እናንሳ።

በመጀመሪያ የዲናችንን ነገር እንመልከት። በአማርኛ ተረታችን እንቁራሪት መሳቂያ ናት፤ ዝሆን አክላለሁ ስትል ተሰንጥቃ የሞተች ሞኝ አድርገን ነው የምናውቃት። በሐዲስ ግን ቦታዋ ሌላ ነው። አቡ ዳውድና ነሳኢ እንደዘገቡት አንድ ሐኪም እንቁራሪትን ለመድኃኒት ስለመጠቀም ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እንዳትገደል ከለከሉ። ልብ በሉ፤ ጠያቂው በጨዋታ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ አልነበረም። ሐኪም ነበር፤ ዓላማውም ሕክምና ነበር። ብዙ የፊቅህ ዑለሞች እንቁራሪት አትበላም ያሉት ከዚህ ሐዲስ ተነስተው ነው።

ሌሎቹን ሐዲሶች ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው አላህ ምሕረት አደረገለት፤ ድመት አስራ በረሀብ የገደለችው ሴት ተቀጣች። ከእነዚህ ያነሰ የሚነገርላት የወፏ ታሪክ ግን ለዛሬው ጉዳያችን ትቀርባለች። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ጫጩቶች ወሰዱ፤ እናት ወፍ እየተርገበገበች ስትዞር ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አይተው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የዱር እንስሳ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከቦታው አለመነሳት ነው።

አሁን ወደ ዕውቀቱ እንምጣ። እንቁራሪት እንደኛ በአፏ ውሃ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጣለች፤ ከምትተነፍሰውም አየር የተወሰነው የሚገባው በቆዳዋ ነው። ስለዚህ ቆዳዋ የነካው ሁሉ ወደ ደሟ የመግባት ዕድል አለው። ኦሞ፣ በረኪና፣ ፀረ ተባይ፣ እጃችን ላይ የቀረ ቅባትም ቢሆን ለእሷ መርዝ ሊሆን ይችላል። የልብስ ማጠቢያ እጣቢ በየቦዩ ስንደፋ የምንደፋው በሚጠጣና በሚተነፍስ ቆዳ ላይ ነው።

በዚህ ቆዳ ላይ የመጣ አንድ ትልቅ በሽታ አለ። ካይትሪድ የሚባል ፈንገስ ነው። ሳይንቲስቶች ለይተው ያወቁት በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ፈንገሱ ቆዳውን ሲያደድረው እንቁራሪቷ ውሃና ጨው መመጠን ያቅታታል፤ በደሟ ውስጥ ያለው የጨው ሚዛን ይዛባና በመጨረሻ ልቧ ይቆማል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ግምገማ በዚህ በሽታ ምክንያት ቢያንስ 501 የእንቁራሪትና የመሰሎቿ ዝርያዎች እንደተመናመኑ፣ ከእነዚህም 90ው ከምድር እንደጠፉ እንደሚገመት አስታውቋል። አንድ በሽታ ይህን ያህል የዝርያ ብዛት ሲጎዳ ሌላ ምሳሌ አይታወቅም።

ነገሩ ከእኛ አገር የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ70 የሚበልጡ የእንቁራሪትና የመሰሎቿ ዝርያዎች አሏት፤ ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኙም። ከደጋ ሣር እንቁራሪቶቻችን አንዷ በሳይንሳዊ ስሟ ፕቲካዴና አምሃረንሲስ ተብላ በአማራ ስም ተመዝግባለች። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ በስፋት እንደሚገኝ አሳይቷል። በቀጣዩ ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት በባሌ ተራሮች፣ በሐረና ጫካ፣ የትም የማይገኙ ሁለት ዝርያዎች ክፉኛ መመናመናቸውን ዘግቧል፤ እዚያ የጫካው መጎዳትም አብሮ ተነስቷል። ፈንገሱ ቀዝቀዝ ያለ እርጥብ አየር ይስማማዋል። የጉና ተራራ ግርጌ፣ ደብረ ታቦር፣ የጉማራና የርብ ወንዝ ዳርቻ ምን ዓይነት አየር እንዳላቸው ለእናንተ መንገር አያሻም።

በሽታ ከቦታ ቦታ በሰው እግር እንደሚሄድ የዚህ አካባቢ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ2005 እ.ኤ.አ. ሊቦ ከምከም ውስጥ፣ ጣራ ገዳም ባለበት በአዲስ ዘመን ዙሪያ፣ ካላዛር ገብቶ ብዙ ሰው ፈጅቷል። መጀመሪያ መድኃኒት ያልበገረው ወባ ተብሎ ነበር። በሽታው ወደ መተማና ሑመራ ለቀን ሥራ ወርደው ከተመለሱ ሰዎች ጋር እንደመጣ ይታመናል። ማንም ክፉ አስቦ አላመጣውም፤ እንጀራ ፍለጋ የሄደ ሰው ሳያውቅ ይዞት መጣ። የእንቁራሪት በሽታም እንዲሁ ነው። ከአንዱ ኩሬ የወጣ ጭቃ በጫማ፣ በባልዲ፣ ወይም ደግሞ በአዛኝ ሰው እጅ ወደ ሌላው ኩሬ ይሻገራል። ታማሚዋን ከፎገራ ረግረግ አምጥቶ ጣራ ገዳም ምንጭ ዳር የሚለቅ ሰው አጅር ፈልጎ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

እንግዲህ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት የታመመች እንቁራሪት ቢያገኝ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ መታመሟን ይለይ። ጤነኛ እንቁራሪት ሰው ሲቀርባት ትዘላለች። በቀን ብርሃን ሜዳ ላይ ፈዛ የምትቀመጥ፣ በጀርባዋ ብትገለበጥ መመለስ የሚያቅታት፣ ቆዳዋ ከመጠን በላይ የሚላጥ፣ ወይም የሆዷና የእግሯ ውስጠኛ ክፍል የቀላ ከሆነ ታማለች። ጤነኛዋን አታንሷት፤ ዶርም ውስጥ ማሳደርም ለእሷ እስር ነው።

ማንሳት ግድ ከሆነ በታጠበና በደንብ በተለቀለቀ እርጥብ እጅ፣ ከተገኘም በንጹሕ ውሃ በራሰ ጓንት ትነሳ። ክዳኑ የተበሳ ንጹሕ ዕቃ፣ የራሰ ቅጠል ወይም ሶፍት፣ ጥላና ጸጥታ ይበቃታል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ አትጨምሯት፤ ደካማ እንቁራሪት መስጠም ትችላለች። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት የዝናብ ውሃ ይሻላል፤ ከሌለ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ አንድ ቀን ያደረ የቧንቧ ውሃ ይሁን። ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። በግድ አታጉርሷት። ሁለት እንቁራሪቶችን አንድ ዕቃ ውስጥ አታድርጉ። ሰሐኖቻችሁን ከእሷ ዕቃ አርቁ፤ ለእኛም የሆድ በሽታ የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ልትይዝ ትችላለችና ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መድኃኒትን በተመለከተ ለሰው የታዘዘ ክኒን በግምት ሰብሮ መስጠት እዝነት አይደለም። ካይትሪድን የሚያክሙ ሐኪሞች ኢትራኮናዞል የተባለውን ፀረ ፈንገስ በጣም አቅጥነው ለተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይነክሯታል፤ ልኩ ከበዛ ግን መድኃኒቱ ራሱ ይገድላል። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። ጎንደርና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የእንስሳት ሕክምና ያስተምራሉ፤ እዚያ የምትማሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከከብትና ከበቅሎ አልፋችሁ ስለ እንቁራሪትም ለመምህሮቻችሁ ጥያቄ አንሱ። ከተሻላት ወደ ተገኘችበት ቦታ ብቻ ትመለስ፤ ዕቃው በበረኪና ታጥቦ ይድረቅ፤ እጣቢው ወደ ቦይ አይደፋ። ከሞተችም ከውሃ ርቃ ትቀበር። አስታማሚው ተሸነፈ አይባልም፤ ሺፋ የአላህ ነው፤ ከሰው የሚጠበቀው ሰበብ ማድረስ ነው።

ከዚህ ጋር ዝም ብለን የማናልፈው ጉዳይ የላቦራቶሪው ነው። እንቁራሪትን ቀዶ ማጥናት የቆየ የባዮሎጂ ትምህርት ነው። መምህሮቻችንን አንከስም፤ ዓላማቸው ማስተማር መሆኑን እናውቃለን፤ አስገዳጅ በሆነ ጊዜ ምን ይባላል ለሚለው ጥያቄም ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም። ነገር ግን ከላይ ያነሳነው ሐኪም ለሕክምና ብሎ ጠይቆ ከተከለከለ፣ ለአንድ ሰዓት ልምምድ በየዓመቱ ከረግረግ በጆንያ መሰብሰብን ደግመን ማሰብ ይገባናል። ዛሬ በቪዲዮ፣ በፕላስቲክ ሞዴል፣ በኮምፒዩተር መማር ይቻላል። የባዮሎጂና የጤና ተማሪ የሆናችሁ የጀመዓችን አባላት በአደብ፣ በጽሑፍ፣ ክርስቲያን ጓደኞቻችሁንም ይዛችሁ አማራጭ እንዲኖር ጠይቁ። ለእንስሳ የሚያዝን ልብ በአንድ ሃይማኖት ብቻ የለም።

ይህን የምንለው ለጨዋነት ብለን አይደለም። በደቡብ ጎንደር ያሉ ደኖች ከሞላ ጎደል የተረፉት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ቁጥራቸው ከ1000 በላይ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከገበሬው ጋር ሆነው በአንዳንዶቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ሠርተዋል፤ ድንጋዩ ከእርሻው ተለቀመ፤ ማሳው ጸዳ፤ ደኑም ከከብት ተጠበቀ። ጣራ ገዳምም ከእነዚህ ደኖች ስመ ጥሩ ነው፤ ወይራውና ጽዱ የቆሙት ገዳሙ ስለጠበቃቸው ነው። ጥላ ባለበት እርጥበት አለ፤ እርጥበት ባለበት እንቁራሪት ትኖራለች። ለዚህ ጎረቤቶቻችንን ልናመሰግናቸው ይገባል።

ምስጋና ብቻ ግን አይበቃም። እኛም ሒማ የሚባል ውርስ አለን፤ ለጋራ ጥቅም የሚከለል መሬት ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋ እንዳይታደን ከልክለዋል። የእኛስ መስጂዶችና መቃብሮች ዙሪያ ምን ቆሟል? ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ሳይጠይቀን ራሳችንን እንጠይቅ።

የሚስቁት ወንድሞች ያነሱት ነገር ክብደት ያለው ስለሆነ መልስ ይገባዋል። እውነት ነው፤ ክልላችን በመከራ ውስጥ አልፏል፤ ቤታቸው ያልተረጋጋ፣ ወጪ የሚልክላቸው ያጡ ተማሪዎች በመካከላችን አሉ። የጀመዓችን ሶደቃ መጀመሪያ ለእነሱ ነው፤ ይህ አይለወጥም። ነገር ግን ሁለቱን ወንድሞች ያስወጣቸው ምን ነበር? አንድ ሳፋ፣ ጥቂት ቅጠልና የዝናብ ውሃ። ለእንቁራሪቷ የዋለው ከድሃ አፍ የተነጠቀ አይደለም። እንዲያውም ልብ እንደ ኩሬ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ደካማ ፍጡር አይቶ ማለፍ የለመደ ሰው ነው ነገ በደካማ ሰው ላይ የሚያልፈው። በፎገራ ሩዝ ማሳ ተባይና ትንኝ የምትለቅመው እንቁራሪት የገበሬው አጋር መሆኗም አይዘንጋ፤ እሷ ስትጠፋ የሚጎዳው መጀመሪያ ድሃው ነው።

ስለዚህ ጀመዓችን ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በውዱእ ቦታችንና በዶርም አካባቢ የኦሞና የበረኪና እጣቢ ወደ ክፍት ቦይ እንዳይደፋ ተራ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ለጉብኝት ወደ ጣራ ገዳምም ሆነ ወደ ፎገራ ስንወጣ ጫማችንን ከጭቃ አጽድተንና አድርቀን እንሂድ፤ ስንመለስም እንዲሁ። ሦስተኛ፣ የላቦራቶሪው ጥያቄ ተጽፎ ለሚመለከተው የትምህርት ክፍል በአደብ ይቅረብ።

ሦስቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ማታ ከዒሻ በኋላ ከቦዩ በኩል የሚሰማው ጩኸት ለብዙዎቻችን እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው። በአላህ መጽሐፍ ግን የምድር ፍጥረታት ሁሉ እንደኛው ማኅበረሰቦች መሆናቸው ተነግሮናል። ጎረቤት ናቸውና የጎረቤትነታቸውን ሐቅ እንወጣ። አላህ ከሚያዝኑት ያድርገን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።