ጉድፍም ይመሰክራል

ስለ ወርቅ ሲነሣ ሁላችንም የምንመኘው ንጥሩን ነው። እኔም «ባዕድ ነገር የገባበት ወርቅ ምን ይረባል?» እያልኩ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር እከራከር ነበር። ዛሬ ግን ሐሳቤን ለውጬአለሁና ምክንያቱን ላስረዳ።

ኤርቢየም ሬር ኧርዝ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ማግኔትነቱን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች በአቶሙ ውስጥ በሌሎች ኤሌክትሮኖች ተከልለው ስለሚኖሩ፣ ከወርቅ ጋር ቀልጦ ቢዋሐድም ማግኔትነቱ አይጠፋም። ይህ ማግኔትነት በውጭ ኃይል ተናውጦ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል፤ ይኸውም የማግኔት መርጋት ነው። የሚያረጋጉትም በወርቁ ውስጥ የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ባጠቃላይ፣ ከፍጹም ዜሮ ተነሥቶ የሚቆጠረው ሙቀት እጥፍ ሲሆን መርጋቱም በእጥፍ ይፈጥናል። ይህን ሕግ ሆላንዳዊው ያን ኮሪንጋ እ.ኤ.አ. በ1950 ለአቶም እምብርት ማግኔትነት አወጣው፤ ኋላም ለባዕዳን አቶሞች እንደሚያገለግል ታወቀ። እንግዲህ የመርጋቱን ፍጥነት የለካ ሰው ስለ ወርቁ ኤሌክትሮኖች የሚጠይቀው ያንኑ ባዕድ ነው።

ጥቅሙም በሥራ ታይቷል። በጀርመን አገር በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ከሚሊዮን የወርቅ አቶሞች መካከል ጥቂት መቶ ኤርቢየም ጨምረው፣ ከፍጹም ዜሮ በላይ ከአንድ ዲግሪ አንድ ዐሥረኛ በታች በሆነ ብርድ፣ አንዲት የኤክስሬይ ቅንጣት የምታመጣውን ሙቀት ይለኩበታል። ኤሌክትሮኖቹ ፈጥነው ባያረጉት ኖሮ መሣሪያው ይዘገይ ነበር።

ጉድፍ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ኤርቢየሙ ሲበዛ እርስ በርሱ ይረባበሻል። ቢሆንም የማይጠበቀውን ነገር ንቆ መጣል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1934 በላይደን ከተማ የነበሩ ተመራማሪዎች ወርቅ እጅግ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በመቀነስ ፈንታ መልሶ ሲጨምር አዩ፤ ያዩትንም እንዳለ ጻፉ። ምክንያቱ ማግኔትነት ያላቸው ጥቂት ባዕዳን አቶሞች መሆናቸውን ጃፓናዊው ጁን ኮንዶ እ.ኤ.አ. በ1964 አስረዳ። ቁጥሩ ባይጻፍ ኖሮ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ይፈታ ነበር?

ይህን ሳነብ በራሴ አፈርኩ። በቤተ ሙከራ የሽቦን ተቃውሞ ስንለካ አንድ ቁጥር ከመስመሩ ወጣብኝ። ነጥብ እንዳይቀነስብኝ ፈርቼ ደለዝኩትና የሚያምረውን ጻፍኩ፤ ሙሉ ነጥብም አገኘሁ። ያ ቁጥር ስሕተት ይሁን ወይም የሚነግረኝ ነገር ይኑረው ዛሬ ማወቅ አልችልም፤ ምስክሩን በገዛ እጄ አጥፍቼዋለሁና።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ከመስመር የወጣውን ቁጥር አትደልዙ፤ እንዳለ ጽፋችሁ እንደገና ለኩ። ክቡራን መምህራኖቻችንም መስመሩን ላሳመረ ብቻ ሳይሆን ያየውን ለጻፈ ተማሪም ነጥብ እንዲሰጡ በትሕትና አሳስባለሁ።