ውለታ ለዋሉ እንስሳት

ጉልበቱን ሰጥቶ ያገለገለ እንስሳ በደከመ ጊዜ ቢጣል፥ ድካሙ በጌታው ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። ይህን ዕዳ ለመክፈል ከተነሡት አንዲቱ እንግሊዛዊት ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ ነበሩ።

ወይዘሮ ብሩክ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ካይሮ በደረሱ ጊዜ፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የዘመቱት ፈረሶች ተሽጠው፥ አርጅተውና አጥንታቸው ወጥቶ ጋሪ ሲጎትቱ አገኟቸው። በ1931 ሞርኒንግ ፖስት በተባለው ጋዜጣ ደብዳቤ አውጥተው ሕዝቡን ርዳታ ቢለምኑ ገንዘብ ተዋጣላቸው፤ በሦስት ዓመትም ውስጥ 5000 ያህል ፈረሶች ገዙ። ከእነዚህም የሚበዙት ሊድኑ የማይችሉ ስለ ነበሩ ያለ ሥቃይ እንዲያርፉ ተደረገ።

ነገር ግን የሚመሰገኑት ስለ ርኅራኄያቸው ብቻ አይደለም። ባለ ጋሪው ድኻ መሆኑን ተመልክተው ፈረሱን በዋጋ ገዙት፤ በ1934ም የእንስሳት ሐኪም ቤት አቁመው የድኻውን ፈረስና አህያ በነጻ አሳከሙ። በ1955 ቢያርፉም ሥራቸው አልቆመም፤ በስማቸው የሚጠራው ድርጅት በኢትዮጵያም ሠርቷል።

በአገራችንም በብዙ ስፍራ እህሉን ወደ ገበያ፥ ውሃውን ወደ ቤት የሚያደርሰው አህያ ነው። ስለዚህ ሹም የሆነ ሁሉ ገጣባ አህያ እንዳይጫን ይከልክል፥ ሐኪሙንም ለባላገሩ ያቅርብ፤ መምህር የሆነም ያስተምር። ርኅራኄ ሥርዐት ካልተበጀለት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና።