በሩ ላይ የቆመው ሰው

ጥር 21 ቀን 2005 ዓ.ም. ልደታ ውስጥ በአንዲት ጠባብ የዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጬ፣ አዲስ ህንፃ የግብ ጠባቂ ማሊያ ሲያጠልቅ ተመለከትሁ። አዲስ ህንፃ አማካይ ነው። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሱበት የአፍሪካ ዋንጫ፣ ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር የገጠሙት የምድቡ የመጨረሻ ጨዋታ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ሲሳይ ባንጫ በሁለተኛ ቢጫ ካርድ ተሰናብቷል፤ ቅያሪውም አልቋል። ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን የሳቀ አልነበረም። ቪክቶር ሞሰስ ኳሷን ፍጹም ቅጣት ምቱ ነጥብ ላይ ሲያስቀምጥ ከፊቱ የቆመው ሙያው በር መጠበቅ ያልሆነ ሰው ነበር።

ያን ውድድር አብዛኞቻችን የምናስታውሰው በደስታው ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን በሦስት ጨዋታ ሦስት ግብ ጠባቂ ማሰለፋችንን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ስንጫወት ጀማል ጣሰው ኳስ ሊያወጣ ገስግሦ ቺሳምባ ሉንጉን በእግሩ በመምታቱ የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተተክቶ ገባ፤ በ10 ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ከአራት ቀን በኋላ ዘሪሁን ራሱ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተሰልፎ 4 ግብ ተቆጠረበት፤ ለዚያውም ሦስቱ የገቡት ተጋጣሚያችን የገዛ በረኛውን በቀይ ካርድ አጥቶ ከጎደለ በኋላ ነው! ሦስተኛው ሲሳይ ነበር። ድምሩ 7 ግብ፣ 2 ቀይ ካርድ፤ ቀይ ካርዶቹ ሁለቱም ለግብ ጠባቂዎች።

ከዚያ ወዲህ የሰማሁት ፍርድ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ‹‹ኢትዮጵያ በረኛ የላትም።›› ይህን አባባል የምቃወመው ግብ ጠባቂዎቻችን እንከን የለባቸውም ብዬ አይደለም። የምቃወመው ፍርዱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ሰው ስለሆነ ነው። በዚህ አገር የመጨረሻው መስመር ላይ የቆመ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የተቀመጠችው ልጅ እግር ጸሐፊ የበላዮቿን ጥፋት ሁሉ ስትሰደብበት ትውላለች፤ ከእርሷ በላይ ያለውን ግን ባለጉዳይ አያየውም።

እስቲ ወደ ሰፈር እንመለስ። በእኛ ጊዜ ልደታ ውስጥ ኳስ የምንጫወተው ጠጠር በበዛበት አፈር ላይ ሲሆን በሩ ሁለት ድንጋይ ነበር። በር ላይ የሚቆመው ማን ነው? ኳስ የማይችለው፣ ወይም ከሁሉ የሚያንሰው ልጅ። ያ ልጅ ጠጠር ላይ ዘሎ አይወድቅም፤ ቢወድቅ ጉልበቱም ሱሪውም ይቀደዳል፣ ማታ ደግሞ ከእናቱ ጋር ሌላ ጣጣ አለበት። ስለዚህ ኳስ በእግሩ ማቆም ይለምዳል። ሁለት ድንጋይ ደግሞ አግዳሚ የለውም፤ ከፍ ብላ የመጣች ኳስ ግብ መሆን አለመሆኗ የሚወሰነው በጩኸት ነው። ‹‹ከላይ ነው!›› ‹‹አይደለም!›› ጉልበተኛው ቡድን ይረታል። እንግዲህ በዚህ ያደገ ልጅ የአየር ኳስ መያዝን፣ ከበሩ መቼ መውጣት መቼም መቅረት እንዳለበት ከወዴት ይማረዋል? ጀማልንም ሲሳይንም ያስቀጣቸው አጥቂ ላይ ደርሰው ኳሷን መሳታቸው ነው። ይህ የእጅ ድክመት አይደለም፤ የጊዜ አቆጣጠር ነው። የጊዜ አቆጣጠር ደግሞ በልጅነት፣ በትክክለኛ በር ሥር፣ አጠገቡ ቆሞ በሚያርመው አሠልጣኝ ካልሆነ በ20 ዓመት ዕድሜ በብሔራዊ ቡድን ሆቴል ውስጥ አይገኝም።

ያ የአፈር ሜዳም ቢሆን አልቆየም። በ2002 ዓ.ም. አካባቢ አሮጌው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲተካ ቤት ያገኘ አገኘ፤ ያላገኘ ወደ ዳር ተገፋ። ሜዳችንን ግን ‹‹ምትክ ይሰጠን›› ብሎ ያመለከተ ሰው መኖሩን አልሰማሁም፤ እኔም አላመለከትሁም።

ስለ ውጭ ግብ ጠባቂዎች የሚነሣውን ክርክር በአጭሩ ልለፈው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን፣ በኋላም ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲንና ዩጋንዳዊውን ቻርለስ ሉክዋጎን አሰልፏል። ‹‹የእኛን ልጆች ቦታ ወሰዱ›› ከሚሉት ወገን ነበርሁ። አሁን አይደለሁም። ክለብ ዋንጫ ይፈልጋል፤ የሚይዝለትን ይቀጥራል። የማዝነው በኦዶንካራ መምጣት ሳይሆን፣ ያን ያህል ዓመት አጠገባችን ቆሞ ሲሠራ ለታዳጊዎቻችን የግብ ጠባቂ ትምህርት ቤት የሚሆን ነገር አለማቋቋማችን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. (ከዛምቢያው ጨዋታ በቀኑ ልክ 51 ዓመት ቀድሞ) አዲስ አበባ ላይ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ አነሣን። ሉቻኖ ቫሳሎን፣ ኢታሎን፣ መንግሥቱ ወርቁን፣ ተክሌ ኪዳኔን ስም ጠርቶ የሚቆጥር አዛውንት እስከ ዛሬ አይጠፋም። ‹‹በሩ ላይስ ማን ነበር?›› ብዬ የጠየቅኋቸው ግን አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር። ግብጽ ሁለት ጊዜ ስትመራ ያልተንኮታኮተው ሰው በድል ጊዜ እንኳ አይታወስም፤ በሽንፈት ጊዜ ግን ስሙን የማያውቅ የለም።

የቅርቡን ብናይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የሆነችው፣ ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ድርጅቱን የመሩላት አገር፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃውን የጠበቀ ስታዲየም አጥታ የሜዳዋን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ስታደርግ ኖራለች። ጥቅምት 2 እና 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጊኒ ጋር የተደረጉት ሁለት ጨዋታዎች፣ የእነርሱም የእኛም ‹‹ሜዳ›› ተብለው፣ አቢጃን ላይ ተካሄዱ። 4 ለ 1 እና 3 ለ 0። እንደገና 7 ግብ፤ አሁን በአራት ቀን ውስጥ። ግብ ጠባቂ ከተከላካዮቹ ጋር የሚግባባው በድምፅ ነው፤ የራሱን በር፣ የራሱን ሣር፣ ከኋላው የተቀመጠውን ሕዝብ በማወቅ ነው። ይህን ሁሉ ነሥተን ስናበቃ ‹‹በረኛ የለንም›› እንላለን።

ታዲያ ተስፋህ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ባዶ እጄን አይደለሁም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ግብጽን 2 ለ 0 ስንረታ በራችን አልተደፈረም። ከጊኒው ውርደት አንድ ወር ከሳምንት በኋላም ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። እነዚህ ሁለት ውጤቶች ብዙ ነገር አይለውጡም፤ አውቃለሁ። የእኔ ተስፋ ግን በዋናነት ከዚያ አይደለም የሚመጣው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በከተማይቱ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሱ ትናንሽ ሜዳዎች በርክተዋል። በሌሎች ብዙ ጉዳዮች የከተማውን አስተዳደር ስነቅፍ የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን ደግሞ መመስከር ይገባኛል። በሮቹ ጠባብ ናቸው፤ ቢሆንም አግዳሚ አላቸው። በቅርቡ ከሥራ ስመለስ በአንዱ ዳር ቆምሁ። አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በወላጁ ይሁን በወንድሙ ሰፊ ጓንት በር ላይ ቆሟል። ወደ ግራው የመጣችውን ኳስ ተወርውሮ በእጁ መታት፤ ወደቀ፤ ተነሣ፤ ጉልበቱን እንኳ አላየም። አጠገቤ የቆሙ አንድ አባት ‹‹ይሄኛው ኳስ ስለማይችል ነው በር ላይ ያቆሙት›› አሉኝ። ልመልስላቸው ስል የማዕዘን ምት ተመታ፤ ልጁ ከሁሉም ቀድሞ ከበሩ ወጣ።